አቤት በይ

ነሐሴ 19 ቀን 2011 ዓ.ም.
እንጅባራ

ይድረስ ለእናቴ፣ ወገልጤና

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ይዞሻል? የአጎቴ ቤት ዘንድሮም ያፈሳል ወይስ ቆርቆሮውን አስመታ? ዓይንሽንስ ሐኪም አየው? አየው እንዳትይኝ፣ እንዳላየው አውቃለሁ። የላክሁልሽ መነጽር ሳጥን ውስጥ እንደታሸገ መቀመጡንም አውቃለሁ። ዛሬ ግን አውጪና አድርጊው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሽበት ዓይን ለዚች ወረቀት አያንስም። ቀስ እያልሽ፣ ብቻሽን አንብቢያት። ለአጎቴም ለማንም አታስነብቢ፣ አደራ።

ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብሎ መጻፍ ወጉ ነው። አልታመምሁም፣ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ። ግን ደክሞኛል። የቆሰበርን ክረምት መቼም አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እንጅባራ በይው ብልሽም ቆሰበር ከማለት አልተመለስሽም። ከሰኔ ወዲህ ፀሐይ የወጣችበትን ቀን በጣቶቼ ልቆጥርልሽ እችላለሁ። ጭቃው ባጃጅ ይውጣል። ጫማዬ ደርቆ አያውቅም። ፍልሰታን ጾመን ፈታን፣ ዛሬም እሑድ ነው፣ ከቅዳሴ መልስ ጋቢ ተከናንቤ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

ለምን አትደውይም ትይኝ ይሆናል። ስደውልልሽ፣ የልጅነቴን ወሬ ገና ከማንሳቴ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው ትይና ትዘጊዋለሽ። ኧረ ተይ እማዬ! ስለ ጎረቤት ሠርግ ስናወራ አንድ ሰዓት የማይቆራረጥ ኔትወርክ እንዴት ነው እዚያ ላይ ሲደርስ የሚጠፋው? ወረቀት አይቆራረጥም። ለዚህ ነው የጻፍሁልሽ።

ሥራዬን ነግሬሽ ነበር፣ ግማሹን ግን አልሰማሽም። ካለፈው ሚያዝያ ጀምሮ ከቆላው የተፈናቀሉ ሰዎች ይመጣሉ፤ ያው ያንቺው ቆላ ነው፣ አባቴን በወባ የቀበርንበት የበለስ አካባቢ። ጎረቤት በጎረቤቱ ተነሥቶ ቤት ተቃጠለ፣ ሰው አለቀ። እዚያ ማዶም በቀል ወርዶባቸው ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች እንዳሉ እሰማለሁ፤ እኔ የማየው እዚህ የደረሱትን ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት አለ፣ እዚያ ሦስት መቶ ያህል ሰው ሰፍሯል። የአካባቢው ገበሬ እግዚአብሔር ይስጠው፣ በፈረስ ድንች እየጫነ ያመጣላቸዋል። እኔ በተቀጠርሁበት የእርዳታ ድርጅት በኩል የሕፃናቱን አመጋገብ እከታተላለሁ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ጠረጴዛ ዘርግቼ ልጆቹን በየስማቸው እጠራለሁ። ክንዳቸውን የምለካበት ጥብጣብ አለ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ያለው። አረንጓዴ ላይ ያረፈ ልጅ ደህና ነው ተብሎ ይሄዳል። ቢጫ ላይ ያረፈ ዱቄት ይሰጠዋል። ቀይ ላይ ያረፈ ካርድ ይጻፍለትና በእሽግ የሚመጣውን የኦቾሎኒ ምግብ ይወስዳል። ዱቄቱ ግን መንገድ ተዘግቶ ከግንቦት ጀምሮ አልመጣም ነበር። ስለዚህ ቢጫ የሆነ ልጅ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ይኸን ለእናቱ የምትነግራት እኔ ነኝ።

አምሳለ የምትባል ሴት አለች፣ የአገው ገበሬ ሚስት። አራት ቀን በእግሯ ተጉዛ ነው የደረሰችው። ባሏ የት እንደገባ አታውቅም። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የሆናቸው መንታ ሴቶች ልጆች ነበሯት፣ ሰርክአዲስና ሀይማኖት። በግንቦት ስለካቸው ሰርክአዲስ ቀይ ሆነች። ሀይማኖት ቢጫ ሆነች፣ ያውም ከቀዩ ጥፍር ያህል ብታልፍ ነው። ለአንዷ ካርድ ጻፍሁ፣ ለአንዷ አልጻፍሁም። ደንቡ ነው። ስማቸው የሚባለው አስተርጓሚያችን በአገውኛ አስረዳት፤ እሽጉ የሰርክአዲስ ብቻ እንደሆነ፣ መድኃኒት ማለት እንደሆነ፣ ብታካፍለው ለሁለቱም እንደማይበጅ። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ሦስት ሳምንት አለፈ፣ ሰርክአዲስ ፈቀቅ አላለችም። እንዲያውም ቀለለች። ሀይማኖት ግን ጉንጯ ሞላ። ጠረጠርሁና አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሳይጠብቁኝ መጋዘኑ ገባሁ። አምሳለ የእሽጉን አፍ ቀድዳ ሀይማኖት አፍ ውስጥ እየጨመቀች ነው። ሰርክአዲስ ከጎናቸው ማዳበሪያ ላይ ተኝታ ታያቸዋለች። አታለቅስም።

ጮህሁባት እማዬ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አንቺ ምን ዓይነት እናት ነሽ አልኋት። ስማቸውን፣ ተርጉምላት ስለው፣ ይኸንንስ አልተረጉምም ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። ለካስ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም፤ አማርኛውን አሳምራ ትሰማዋለች። ቀና ብላ አየችኝና በአማርኛ መለሰችልኝ። ሰርክአዲስን በአገጯ እያሳየችኝ ይቺ ሄዳለች አለች፤ ይቺን ልያዝ አለች። አላለቀሰችም፣ አልለመነችኝምም። እኔ ቆሜ ስለፈልፍባት እሷ እሽጉን መጭመቋን አልተወችም።

ልጅቱ ግን ገና አልሄደችም ነበር። ሆስፒታል ብትተኛ ትተርፋለች፤ ነርስ ነኝ፣ አውቃለሁ። ሆስፒታሉ የሚቀበለው አንድ በሽተኛና አንድ አስታማሚ ነው። አምሳለ ሀይማኖትን ለማን ትታ ትሂድ? ሁለቱንም ይዘሻቸው ነይ፣ አንዷን እኔ ደጅ ላይም ቢሆን እይዝልሻለሁ ማለት እችል ነበር። አላልሁም። ደክሞኝ ነበር፣ መኪናዋ ወደ ዳንግላ ትፈለግ ነበር፣ ሰባ ልጅ ይጠብቀኝ ነበር። ቅጹ ላይ እናትየዋ ፈቃደኛ አይደለችም ብዬ ጻፍሁ። ውሸት አይባልም፤ ግን እግዚአብሔር ፊት ይዤው አልቀርብም። በዚያ ላይ ደንቡን ነገርኋት። ሁለተኛ ስታካፍይ ካየሁሽ ካርዱ ይሰረዛል አልኋት። ላስፈራራት ብዬ ነው፤ አስፈራራኋትም።

ከዚያ ወዲያ አምሳለ ተደበቀችኝ። ሰርክአዲስን ተቅማጥ ሲይዛት፣ ካዩዋት ካርዱን ይነጥቁኛል ብላ አፏን ዘጋች። በሐምሌ መጀመሪያ አንድ ሐሙስ ልጅቱ ሞተች። እኔ ይኸን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ካገሯ አብረዋት የመጡ ሁለት ሴቶች ረዷት፣ አንድ ቄስ ፈቱላት፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ቀበሯት። እማዬ፣ አልተለቀሰላትም። ከሦስቱ ሴቶች አንዷ እንኳ ድምፅ አላሰማችም። ለቅሶ ከተሰማ ድርጅቱ ይሰማል፣ ድርጅቱ ከሰማ ካርዱ ይሄዳል። በኔ ምላስ የተነሣ አንዲት ሕፃን ሳይለቀስላት ተቀበረች። እህል አልቀምስ ያለኝ ይኸ ነው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ምንም ሳላውቅ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ስም እጠራለሁ። ሰርክአዲስ አልሁ። አምሳለ አንዲት ልጅ በእጇ ይዛ መጣች። መንታ ናቸውና ማን ይለየኛል ብላ ይሆናል፤ እኔ ግን ያን ክንድ በየሳምንቱ ስይዝ የኖርሁ ሰው ነኝ፣ ሀይማኖት መሆኗን ወዲያው አወቅሁ። ጉንጯ ተመልሶ ጎድጉዷል። ሰርክአዲስ ብዬ ደገምሁ፣ እንዲያው ሳላስበው። ልጅቱ ወደ ጎኗ ዞራ እህቷን ፈለገች። ያን ጊዜ አምሳለ መዳፏን ጀርባዋ ላይ አሳረፈችና ገፋ አድርጋ፣ በጆሮዋ አቤት በይ አለቻት። አቤት አለች ልጅቱ።

ያን መዳፍ አውቀዋለሁ እማዬ። ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ? በሕይወቴ የማስታውሰው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ረጅም ሰልፍ፣ አቧራ፣ ከፊቴ የሆነ ነጭ ጠረጴዛ፣ ከኋላዬ ጀርባዬን የሚገፋ መዳፍ፣ አቤት በይ፣ አቤት በይ የሚል ድምፅ። በነገርሁሽ ቁጥር ሕልም ነው ትይኛለሽ። የሁለት ዓመት ልጅ ምን ታስታውሳለች ትይኛለሽ። እውነትሽን ነው፣ የሁለት ዓመት ልጅ አታስታውስም።

አንገቴን ደፍቼ ክንዷን ለካሁ። ቢጫ ነበር። ካርዱ ላይ ቀይ ብዬ ጻፍሁና እሽጉን ሰጠኋት። በዚያ ሳምንት እሽጉ አጥሮን የሌላ ሴት ልጅ፣ አየነው የሚባል ሕፃን፣ ግማሹን ብቻ ነው የወሰደው። ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ባይተርፍስ ኖሮ? እናቱ እስከ ዛሬ ስታገኘኝ ጉልበቴን ልትስም ትጎነበሳለች። እኔ እሸሻታለሁ። ከዚያ በየሳምንቱ ሰርክአዲስ ስል ሀይማኖት አቤት ትላለች። አራተኛው ሳምንት ላይ ጀርባዋን የሚገፋት አላስፈለጋትም።

ባለፈው ሳምንት አለቃችን ኪዳኑ ከባሕር ዳር መጣ፣ መዝገቡን ከሰው ጋር ሊያመሳክር። ክፉ ሰው አይደለም፣ እሱም ደክሞታል። ቤተሰቡን በየተራ እየጠራ ይቆጥራል። አምሳለ ላይ ሲደርስ መዝገቡ ልጆች ሁለት ይላል፣ ያለችው አንድ ናት። ሰርክአዲስ ብሎ ሲጠራ አቤት አለች፣ ጮክ ብላ። ክንዷን ሲለካት አረንጓዴው ጫፍ ላይ ደርሳለች። ካርዱን አየ፣ ልጅቱን አየ፣ ደስ አለው። እንዲህ ያለች ልጅ ድና ማየት ድካሙን ያስረሳል አለኝ። ድና የወጣች ብሎም በራሱ እጅ ምልክት አደረገ። ከዚያ ሌላዋስ ብሎ ጠየቀ።

አምሳለ እኔን አየችኝ። ስማቸውም እኔን አየኝ። እውነቱን ብናገር አምሳለ አጭበረበረች ተብላ ከመዝገብ ትወጣለች፤ ዱቄቱም ገና አሁን መምጣቱ ነው፣ ከመዝገብ ከወጣች እሱም የለም፣ ልጅቱ መስከረም ሳይጠባ ተመልሳ ቀይ ትሆናለች። ዝም ብል ደግሞ ከሁለቱ ስሞች አንዱ መሞት አለበት። መዝገቡን ከፊቱ ሳብ አደረግሁና ሀይማኖት ሞታለች ብዬ በራሴ እጅ ጻፍሁ። ሀይማኖት እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ በእስክሪብቶዬ ክዳን ትጫወት ነበር።

ኪዳኑ ከሄደ በኋላ አምሳለ መጣችና ስሟ መቼ ነው የሚመለስላት ብላ ጠየቀችኝ። ወዳገራችሁ ስትመለሱ ይስተካከላል አልኋት። አይስተካከልም። ያ መዝገብ ነው ነገ ቤት ሲሠራላቸው የሚታየው። ትምህርት ቤት ከሱ ይቀዳል፣ ቀበሌ ከትምህርት ቤት ይቀዳል፣ እያለ ይሄዳል። ይኸን ማንም ሊያስተምረኝ አይችልም።

አሁን ያንቺን ላንሣ። እንግዲህ አትዘጊው ነገር ወረቀት ነው።

ጥርሴን ታስታውሻለሽ? በለስ ሰፈራ መንደር እያለን የፊት ጥርሴ ሲወልቅ የክሊኒኩ ድሬሰር ገርሞት ነበር፤ በአራት ዓመቷ ጥርሷ የወለቀ ልጅ አላየሁም ብሎ። ይቺ ሁሉ ነገሯ ፈጣን ነው ብለሽ ሳቅሽ። እማዬ፣ እኔ አሁን ነርስ ነኝ፣ የስንቱን ልጅ አፍ ከፍቼ አይቻለሁ። ጥርስ በስድስት ዓመት እንጂ በአራት አይወልቅም። እኩዮቼን ሁሉ በቁመት ስበልጥ ደግሞ አባቷን መስላ ነው ትይ ነበር። አባቴ እኮ አጭር ሰው ነበር!

ሳጥንሽ ውስጥ ያለችውን የመጠለያ ካርድም አይቻታለሁ። 1977 ዓ.ም.፣ ሽታዬ፣ ዕድሜ ሁለት ትላለች። ታላቅሽ እንቁ እዚያው ወሎ መጠለያ ሞተች፣ ደካማዋ ሽታዬ ተረፍሽልኝ እያልሽ ነው ያሳደግሽኝ። እኔም ሽታዬ ሲሉኝ አቤት እያልሁ አደግሁ፣ ተማርሁ፣ ተዳርሁ። ዳንግላ ገበያ በርበሬ ስትሸጪ ያ ጋሪ ሊጨፈልቀኝ የደረሰ ቀን ግን ምን ብለሽ ነው የጮኽሽው? እንቁዬን! ብለሽ ነው። ገበያተኛው ሁሉ ሰምቶሻል። ሲደነግጥ ሰው የሞተበትን ይጠራል ብዬ አለፍሁት።

በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ለሙት ልጅሽ ጸሎት ለቄሱ የምትሰጪያት ወረቀትም አለች። አንዲት ፊደል ለመጻፍ ላብ ያጠምቅሻል፤ እኔ ጽሕፈቴ ያማረ ሰው ነኝ። ልጻፍልሽ ስል አንድ ዓመት እንኳ እሺ ብለሽኝ አታውቂም። ብቻሽን ትጽፊያታለሽ፣ አጥፈሽ ደግመሽ ታጥፊያታለሽ፣ በእጅሽ ትሰጫቸዋለሽ።

አልተቀየምሁሽም። በመድኃኔ ዓለም፣ አንዲት ቅንጣት ቅያሜ የለኝም። አምሳለን ምን ዓይነት እናት ነሽ ያልሁበት አፌ ነው የሚያሳፍረኝ፤ አንቺን በአደባባይ የሰደብሁሽ ነው የሚመስለኝ። ያን ጊዜ ነጩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስም ይጠራ የነበረው ማን እንደሆነ አላውቅም። አውቆ ዝም ብሎልሽ ከሆነ ነፍሱን ይማር፤ በሕይወት ካለም ዕድሜ ይስጠው። አንቺ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ ለትንሿ እሪ ብለሽ ሳታለቅሺላት፣ ብቻሽን እንዴት ቻልሽው?

ትናንት ቅዳሜ አምሳለን ነይ ተነሽ አልኋት። ሪፖርቱ ሄዷል፣ ኪዳኑ ሄዷል፣ አሁን አልቅሺ አልኋት። ሁለቱ ሴቶችም ስማቸውም መጡ። ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ሄድን። ምልክት እንኳ የለውም፣ ሦስት ድንጋይ ነው። አምሳለ መጀመሪያ ቆማ ድንጋዮቹን አየች፤ ማልቀሱን የረሳች መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሰርክአዲስዬ ብላ ጮኸች። ያ ወር ተኩል የታፈነው ሁሉ ወጣ። በአገውኛ እያወረደች አለቀሰች፣ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ሰዉ ከመንገድ እየዞረ ገብቶ አለቀሰላት። ስማቸው ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ይንሰቀሰቃል። እኔም አለቀስሁ። ለማን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ለቅሶው ሲበርድ አምሳለ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ልጇን ፈለገች። ልጅቱ ፈንጠር ብላ ጭቃ ታቦካለች። ሀይማኖት ብላ ጠራቻት። ዞር አላለችም። ሀይማኖት ብላ ደገመችላት፣ ልጅቱ ጭቃዋን ታቦካለች። አምሳለ ያን ጊዜ ያየችኝን አስተያየት አልጽፍልሽም። ሄድሁና ከልጅቱ ኋላ ቁጢጥ ብዬ መዳፌን ጀርባዋ ላይ አሳረፍሁ። በጆሮዋ፣ ሀይማኖት እኮ አንቺ ነሽ፣ እማዬ እየጠራችሽ ነው፣ አቤት በይ አልኋት። ጥቂት አሰበችና አቤት አለች።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ዘንድሮ በታኅሣሥ ለቄሱ የምትሰጪያትን ወረቀት በዚያው በራስሽ እጅ ገልብጠሽ ለኔም ላኪልኝ። እዚህም ቆሰበር ላስጠራላት እፈልጋለሁ። ስሙን እንዳልሳሳት ነው። ስትደውዪልኝ ደግሞ፣ ጋሪው የመጣ ቀን እንደጠራሽኝ ጥሪኝ፤ ኔትወርኩ ቢቆራረጥም እሰማሻለሁ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ያብራልሽ። ቀብረሽ ያላለቀስሽላትን ልጅሽን አምላክ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልሽ። አጎቴን ሳሚልኝ፣ ቆርቆሮውን ያስመታ በይልኝ። መነጽሩን መልሰሽ ሳጥን ውስጥ እንዳትከቺው።

አቤት ያለችው ልጅሽ